ከሰማይ ሴቶች መሃል ያቆመኝ ፎቶ

ከቤት በወጣሁበት ቀን ዋዜማ፣ ምሽት ላይ፣ እናቴ ልታለቅስ ስትል ፎቶው መጣ፤ ለቅሶው ቀረ።

ያመጣው ጋሽ ታደሰ ነው፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ስቱዲዮ ያለው ፎቶ አንሺ። በባጃጅ ጭኖት መጣ። የበር ያህል ነው፤ በአበባማ ወረቀት ጠቅልሎ ሪባን አስሮበታል፤ ለሁለት ተጋግዘው ነው ያወረዱት። ቤቱ በሰው ሞልቷል። አጎቶቼና የሰፈር ሽማግሌዎች ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለመንገዴ ዱዓ ሊያደርጉልኝ ተሰብስበው ነበር። ሁሉም እኔን ትተው ፎቶውን ከበቡት። በማግስቱ ማለዳ ከሆሳዕና ተሳፍሬ ደቡብ አፍሪካ ወዳለ፣ በአካል አይቼው ወደማላውቀው ባሌ ልሄድ ነው እኮ! እስካሁን ሳስበው ያበግነኛል።

"ማሻአላህ፣ ገነት ነው የሚመስለው" አለ ትልቁ አጎቴ።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ። "ይቺ ቬሎ የለበሰችው ማን ናት?"

"ልጅህ ናታ!" አለች እናቴ።

"ሰሚራ? ምን ሆና ነጣች?"

"ታጥባ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም።

እኛ ጋ እንዴት እንደምንጋባ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ወንዱ ገና ጢሙ ሳያበቅል ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወጣል። በለስ ከቀናው ሱቅ ይከፍታል፣ ሱቅ ሲከፍት ደግሞ ቤተሰቡ ሚስት ይፈልግለታል። እሱ ግን መምጣት አይችልም፤ አንዴ ከወጣ ተመልሶ መግባት የለማ። ስለዚህ ሽማግሌ ይላካል፣ ኒካሁ በወኪል ይታሰራል፣ ድግሱ ሙሽራው በሌለበት ይበላል። የሚቀረው ፎቶ ነው። ሴቷ ቬሎ ለብሳ ብቻዋን ትነሳለች፤ ወንዱ በስልኩ ተነስቶ ይልካል፤ ፎቶ አንሺው ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ሆሳዕና ግቡ፣ ዶዮገና ውጡ፣ አዲሎ ውረዱ፤ ከሶፋው በላይ ተሰቅሎ የምታዩት ይሄንኑ ነው፤ ጎን ለጎን ቆመው የማያውቁ ባልና ሚስት። ውሸት ነው የሚል ሰው አልሰማሁም። እኔ ብል ኖሮ "ይቺ ልጅ ምን ነካት" ነበር የሚሉኝ።

ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚደረገው ፏፏቴ ነው፣ ወይ ነጭ ፈረስ፣ ወይ ባለቤቱ የማይታወቅ ቪላ። የኔ ባል ሸምሱ ግን በስልክ "ማንም ያላደረገውን አድርጉልኝ" አለ። ጋሽ ታደሰም ከኢንተርኔት አንድ ስዕል አወጣ። የዱሮ የፈረንሳይ ስዕል ነው አለኝ፤ ትምህርት ቤት ገብተው የሰው ገላ መሳል ብቻ ብዙ ዓመት የሚማሩ ሰዎች ነበሩ፣ ከነሱ አንዱ የሳለው። ሰማዩ ሊነጋ ሲል ያለው ዓይነት ነው። ከዋክብት በሴት አምሳል ደመና ላይ ይንሳፈፋሉ፤ እያንዳንዷ ግንባሯ ላይ ትንሽ ብርሃን አለች። ገላቸው እርጎ ነው፤ ብሩሽ የነካው አይመስልም።

"ራቁታቸውን ነበሩ" አለኝ ጋሽ ታደሰ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የሙስሊም ቤት ነው ብዬ እኔ ነኝ ያለበስኳቸው።"

እውነቱን ነው፣ አልብሷቸዋል። ረጅም እጅጌ ቀሚስ በኮምፒውተር ቀብቶባቸዋል፤ አንዷ ላይማ አረንጓዴ ሻሽ ጣል አድርጎባታል። ሰውየው ጨዋ ነው፣ በሱ አልከፋኝም። የከፋኝ በሴቶቹ ነው። አንዲትም ተረከዟ የተሰነጠቀ የለችም። ውሃ የተሸከመች፣ ልጅ ያዘለች፣ ጭስ ዓይኗ የገባ አንዲት የለችም። እኔ እንሰት ስፍቅ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ክንዴ ወፍራም ነው፣ መዳፌ ላይ የቢላ ጠባሳ አለ። ጋሽ ታደሰ ከነሱ ጋር እንድመሳሰል ብሎ ፊቴን አነጣው፣ አፍንጫዬን አቀጠነው፣ ጠባሳዬን ደመሰሰው። ሸምሱን ደግሞ ሱፍ አልብሶ መሃል አስገባው። ለሱ ቦታ ለመስጠት አንዷን ኮከብ ቆርጦ አወጣት፤ ሲያወጣት ግን አንድ እጇን ረስቶት፣ ነጭ እጅ ሸምሱ ትከሻ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ እጅ የማን ነው?" አልኩት።

"ያንቺ ነዋ።"

"የኔ እጆች ሁለቱም አበባ ይዘዋል።"

ጠጋ ብሎ አየ። ላቡን ጠረገ። "እንግዲህ የፍቅር ነገር ነው የኔ ልጅ። በሠርግ ፎቶ ላይ ማን እጅ ይቆጥራል?"

ትልቁ ፎቶ እኛ ቤት ሳሎን ተሰቀለ፤ እኔ ትንሿን ቅጂ ይዤ ወጣሁ። አውሮፕላኑ ሞዛምቢክ፣ ማፑቶ ድረስ አደረሰን። ከዚያ በኋላ ያለውን ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፤ በቀን ጫካ ውስጥ መተኛት፣ የዓሣ ሽታ ባለው መኪና ሸራ ስር መታጠፍ፣ በእሾህ ሽቦ ስር በደረት መሳብ። ደላላው አንድ ትልቅ ድንጋይ ጋ አስቁሞን "ዕቃ የሚባል ነገር ጣሉ" አለ። ቡላዬን ጣልኩ። እናቴ ያነጠረችውን ቅቤ ጣልኩ፤ ያኔ እንባዬ መጣ። ፎቶውንም ልጥል ስል እጄን ያዘኝ።

"እሱን ያዢ። ሚስት ለመሆንሽ ማስረጃሽ እሱ ነው" አለኝ።

ድንበሩን አንድ የሰው አገር ውሻ እየጮኸብኝ፣ የፈረንሳይ ከዋክብት ደረቴ ውስጥ ይዤ ተሻገርኩ።

ሸምሱ የሱቁን የብረት በር ከፈተልኝ። መጀመሪያ እኔን አየ። ቀጥሎ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። እሱም ከስልኩ አሳትሞ፣ ከዳቦው መደርደሪያ በላይ በባነር ሰቅሎታል። መልሶ እኔን አየ።

"ጠቁረሻል" አለኝ።

"መንገድ ነው" አልኩት።

ብርድ ልብስ አለበሰኝ፣ ሻይ አፈላልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግን ሳምንት አልፎ ሁለተኛው ሲመጣ ፊቴን ሰረቅ አድርጎ እያየ የመንገዱ ጥቁረት እስኪለቅ ይጠብቅ ነበር። እንደማይለቅ ሲገባው ማየቱን ተወ። እኔም ቀን በቀን ከነዚያ ሴቶች ስር ዳቦ ስሸጥ በዓይኔ እረግማቸው ነበር። "እናንተ ባትኖሩ እኔም ቆንጆ ነበርኩ" እላቸዋለሁ።

አገሩን ልንገራችሁ? ሰኔ ላይ አጥንት የሚገባ ብርድ ነው፤ የዶዮገና ብርድ እኮ ቢያንስ እሳት አለው። ፓፕ የሚሉት ነጭ ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው። ቆጮን ይመስላል ብሎ ሸምሱ አጉርሶኝ ነበር፤ ሆዴ እንኳ ተናደደ። እኛ ጋ በመንገድ የሚያልፍ ሰው የላምህን ጤና ሳይቀር ጠይቆ ነው የሚያልፈው። እዚህ ሎኬሽን በሚሉት የድሃ ሰፈር ውስጥ የምንሸጠው በብረት ፍርግርግ በኩል ነው፤ እኛ ከውስጥ፣ እነሱ ከውጭ። እጅ ይገባል፣ ዳቦ ይወጣል። አንዳንዱ ሳንቲሙን ይወረውርና "ሂዱ ወደ አገራችሁ" ብሎ፣ ነገ ደግሞ ለዚያው ዳቦ ተመልሶ ይመጣል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እኔ የማውቀው አገር ነው የሚናፍቀኝ፣ ምን ላድርግ?

ሱቁ የአንዲት አሮጊት ጋራዥ ነው። ሁሉም ጎጎ ይሏታል፣ አያት ማለት ነው። እኔ በመጣሁ በማግስቱ ዱላዋን ይዛ ገባችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ሸምሱ፣ ቤቱን ለአንድ ሰው ነው ያከራየሁህ" አለች።

"ሚስቴ ናት ጎጎ።"

በዱላዋ ባነሩን ነካች። "ሚስትህ እኮ ይቺ ናት፣ ስትል የከረምከው! ነጯ።"

"ራሷ ናት።"

"አይደለችም።" ቀጠለች፦ "እነዚህ ከኋላ ያሉትስ? እነሱም ሊመጡ ነው? መጸዳጃው አንድ ነው፣ ከአሁኑ ልንገርህ።"

ሸምሱ እየሳቀ ሲተረጉምልኝ ልገላት ፈለግሁ። አሁን ሳስበው ከሁሉም እውነቱን የተናገረች እሷ ነች።

ዋናው ነገሬ ወረቀት ነው። ሸምሱ የጥገኝነት ወረቀት አለው። ሚስቱ ተብዬ እሱ ፋይል ላይ ከተጻፍኩ መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆመኝ አልሸሽም፣ ስታመም ክሊኒክ እገባለሁ፣ ከጋራዡ ወጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። ካልተጻፍኩ ማንም አይደለሁም። የኒካሁ ወረቀት ላይ የፈረመው ወኪል ነው፤ "ሸምሱ የታለ? ፊርማው የታለ?" ብለው የስደተኞች ቢሮ ሰዎች ቀደም ሲል መልሰውብናል። ስለዚህ ያለን ማስረጃ ፎቶው ብቻ ነበር። በጨለማ ተነስተን እዚያው ቢሮ በር ላይ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ እኔን ለብቻዬ አስገቡኝ። መኮንኑ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው፤ አጠገቡ አንድ አማርኛ የሚያስተረጉም አበሻ ተቀምጧል፤ ከአነጋገሬ የት አገር ሰው እንደሆንኩ ሲገምት ከንፈሩ ፈገግ አለ።

"ይሄ ፎቶ የት የተነሳ ነው?" አለ መኮንኑ።

"ሆሳዕና።"

"ሁለታችሁም ሆሳዕና ነበራችሁ?"

"እኔ ነበርኩ። እሱ እዚህ ነበር።"

"ታዲያ እንዴት አብራችሁ ቆማችሁ?"

"የቆምነው ፎቶው ላይ ነው።"

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዘንበል አለ። "እህቴ፣ እንዲህ ብዬ ልተርጉመው?"

"ተርጉመው፤ እውነት ነው።"

መኮንኑ ጣቱን በሴቶቹ ላይ አሳለፈ። "እነዚህስ? የሠርጉ ምስክሮች ናቸው?"

"አይደሉም። ከዋክብት ናቸው።"

አስተርጓሚው እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

"ይሄ እጅ የማን ነው?" አለ መኮንኑ። አዎ፣ እሱ ቆጠረ።

"የአንዷ ኮከብ ነው። ፎቶ አንሺው ሲቆርጣት ረስቶት ነው።"

መኮንኑ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ፎቶውን በስልኩ አንስቶ ኢንተርኔት ውስጥ ፈለገ፣ ስልኩንም ወደ እኔ አዞረው። የፈረንሳዩ ስዕል ከነሙሉ አካሉ ወጣ። ያ ሁሉ ቀሚስ የለ፣ ሻሽ የለ፤ እናታቸው እንደወለደቻቸው። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ፣ ግን በጣቶቼ መሃል አየሁ። ሸምሱ የቆመበት ቦታ ላይ የእጁ ባለቤት ነበረች። አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ እጇን ጓደኛዋ ላይ ጣል አድርጋ ትወጣለች። ውሸት አልናገርም፣ ቆንጆ ናት። እሷን የመሰለች ሴት ነው ሲጠብቅ የነበረው አልኩና እንደ አዲስ ጠላኋት።

ሸምሱን ጠሩት። አጠገቤ ተቀመጠ።

"የተቀነባበረ ማስረጃ ማቅረብ ወንጀል ነው" አለው መኮንኑ። "ያንተም ወረቀት ሊሰረዝ ይችላል። ይሄን ፎቶ ያሠራኸው አንተ ነህ?"

እንግዲህ ይሄ ሰው በስልክ "ማንም ያላደረገውን አድርጉልኝ" ያለ ሰው ነው። ባነር አሳትሞ ዳቦው ላይ የሰቀለ ሰው ነው። "አዎ፣ አገራችን ልማዱ እንዲህ ነው፣ ሚስቴ ናት" ይላል ብዬ ፊቱን አየሁ። እሱ የሚያየው ፎቶውን ነው።

"አላውቀውም" አለ። "እሷ ናት ይዛው የመጣችው።"

"ሚስትህ ናት?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ቤተሰብ ነው የላካት።"

አስተርጓሚው ለእኔ መተርጎም አላስፈለገውም፤ ሸምሱ የተናገረው በአማርኛ ነበር። ያ በከንፈሩ ያሾፈብኝ ሰውዬ ዓይኑን ከእኔ ላይ ያነሳው ያኔ ነው።

ፋይሉ ላይ አልጻፉኝም። ብቻዬን እንዳመለክት አደረጉና፣ ጊዜው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ፣ በየጊዜው እየተሰለፍኩ የማሳድሰው ወረቀት ሰጡኝ። ያላገባች ይላል። ታክሲ ውስጥ ሸምሱ ክንዴን ያዘኝ።

"ለወረቀቱ ብዬ ነው፣ ወላሂ" አለኝ። "የኔ ከተሰረዘ ሁለታችንም ጠፋን። ማን ያሳድረን ነበር?"

ልክ ነው። የሚያናድደኝም ልክ መሆኑ ነው። ይሄ ልጅ ኬንያን በእግሩ አቋርጧል፣ ማላዊ ታስሮ ሽንት ቤት አጠገብ ተኝቷል፤ ያ ሁሉ ለዚያች ወረቀት ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም። ግን እኔ ድንጋዩ ጋ የእናቴን ቅቤ ጥዬ የያዝኩት የሱን ፎቶ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለኛ ነው መሰለኝ።

ማታውኑ ባነሩን አወረደው፤ መርማሪ ቢመጣ ብሎ ነው። ግድግዳው ባዶ ሲሆን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ስንተኛ "ደህና እደሪ" ይለኛል፣ "ደህና እደር" እለዋለሁ። ለቤት ስደውል ግን ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ፣ ሸምሱ ይንከባከበኛል እላለሁ። እናንተም እንዲሁ ስትሉ ሰምቻችኋለሁ።

ባለፈው ጁምዓ እናቴ ራሷ ደወለች። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል።

"ሰሚራዬ፣ ለነጃት ሽማግሌ መጣ" አለች፣ ደስታዋ አፏን እያደናቀፈው። ነጃት ታናሽ እህቴ ናት። "እዚያው ያለ ልጅ ነው። የሸምሱ ጓደኛ ነው አሉ፣ ሱቅ አለው። አባትሽ፣ ሰሚራ ሳትጠየቅ መልስ አልሰጥም ብሎ አስቀምጧቸዋል።"

"ነጃትስ ምን አለች?"

"ምን ትላለች? ያንቺን ፎቶ እያየች አይደል ያደረችው! ልጁም ፎቶውን ልኳል፤ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ቀጠሮ ይዘናል። የሷ ደግሞ ካንቺ ይበልጣል ብሏል። ምን ልበላቸው?"

ሸምሱ አጠገቤ ዳቦ ይደረድር ነበር።

"ልጁ ራሱ ይምጣና አጠገቧ ይቁም በያቸው" አልኩ።

"መምጣት አይችልም እኮ። አታውቂም እንዴ?"

"እንግዲያው ይቅር።"

"ምን ማለትሽ ነው? ሰዎቹ ሳሎን ተቀምጠዋል!"

"ይቅር እማ። አጠገቧ ካልቆመ ይቅር።"

ስትነሳ ሰማኋት፣ በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ የሰዉ ድምፅ ራቀና የዶሮዎቹ ድምፅ ቀረበ፤ ወደ ጓሮ ወጥታ መሆን አለበት። ስትመለስ ድምፅዋ ሌላ ነበር።

"ሰሚራ" አለች፣ "ሸምሱ አጠገብሽ ቆሞ ያውቃል?"

የሸምሱ እጅ ዳቦው ላይ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኔትዎርክ የለም ብዬ እዘጋው ነበር። ያን ዕለት ግን መስመሩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ የኔም ይሰማታል።